ታዲየስ ስቲቨንስ፦ በአንድ ችሎት አሸንፎ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተ ጠበቃ

(በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቀረብኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ላላችሁኝ፣ ከአፌ እንደወጣ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጠበቃ ነው። ታዲየስ ስቲቨንስ ይባላል። ሊንከንን የማያውቅ የለም። ስቲቨንስን ግን እዚህ ሀገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። እዚህ የሚወለዱ ልጆቻችንን ዜጋ የሚያደርጋቸው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ከፊት ሆነው ከመሩት ሰዎች ዋናው እሱ ነው። ስለዚህ የሩቅ ሰው ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ታሪኩን ከሚያኮራው ቦታ አልጀምርም። በ1821 ፍርድ ቤት ከተረታች ሴት ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሴትዮዋ ቻሪቲ በትለር ትባላለች። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተያዘች ሴት ነበረች። ሜሪላንድ ያኔ ባርነት የሚፈቀድባት ግዛት ናት። ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ፔንሲልቬንያ ግን በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥቷል። በዚያ ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ባሪያውን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ካቆየ፣ ባሪያው ነፃ ይወጣል። ቻሪቲን የሚያሠሯት ሰዎች ደግሞ እሷን ይዘው ወደ ፔንሲልቬንያ ይመላለሱ ነበር። የተቀመጠችበት ጊዜ አንድ ላይ ሲደመር ከስድስት ወር ያልፋል፣ ስለዚህ እሷም ልጆቿም ነፃ ናቸው ተብሎ ክስ ተመሠረተ።

የባሪያ አሳዳሪው ጠበቃ ማን መሰላችሁ? ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ስቲቨንስ ነው።

ክርክሩ ቀላል ነበር። ሕጉ ስድስት ወር ሲል ሳይቋረጥ ማለቱ ነው፣ መጥታ ሄዳ መጥታ ሄዳ የተጠራቀመ ቀን አይቆጠርም አለ። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ተቀበለው። ቻሪቲና ሁለት ልጆቿ ወደ ባርነት ተመለሱ።

እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁ። ግን ይህን ጉዳይ ሸፍኖ ስለ እሱ ማውራት ለቻሪቲም ለእሱም ፍትሕ አይመስለኝም። ጎበዝ ጠበቃ ነበር። ያን ቀን ጎበዝነቱ እናትን ከነልጆቿ አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ባለው ሕይወቱ ውስጥ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። በሕግ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ሰውን ልታስርም ልትፈታም እንደምትችል በደንብ ገብቶታል። በ1823 በነፃነት በዓል ግብዣ ላይ ጽዋውን ሲያነሳ፣ የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት በሰው ልጅ ላይ የባርነት ሰንሰለት አጥብቆ የማያውቅ ነፃ ሰው ይሁን ብሎ ተመኘ። ከዚያ ወዲህ የምናየው ስቲቨንስ አምልጠው ለመጡ ሰዎች የሚከራከረው ስቲቨንስ ነው።

እስቲ ወደ ልጅነቱ ትንሽ ልመለስ። በ1792 ቬርሞንት ውስጥ ዳንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አንድ እግሩ ከልደቱ ጀምሮ ቆልማማ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ ነው የሄደው። አባቱ ጫማ ሠሪና መሬት ቀያሽ ነበር፣ በኋላ ቤተሰቡን ጥሎ ጠፋ። እናቱ ሣራ አራት ወንዶች ልጆች ይዛ ብቻዋን ቀረች። ይህኛው ልጅ በእግሩ ምክንያት እርሻ ላይ አያዛልቀውም፣ ትምህርት ነው የሚያዋጣው ብላ ለትምህርት ቤቱ ስትል ቤተሰቡን ጠቅልላ ፒቻም ወደሚባል ቦታ ተዛወረች። ልጅ ለማስተማር ስትል አገር የለቀቀች እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሞልታለች። ሣራ ቀን ከሌት ሠርታ አስተማረችው፣ እሱም ከዳርትመዝ ኮሌጅ በ1814 ተመረቀ። ይህን ውለታዋን እስከ ኑዛዜው ድረስ አልረሳም፣ እመጣበታለሁ።

ከኮሌጅ በኋላ ፔንሲልቬንያ ዮርክ ሄዶ እያስተማረ ሕግ አጠና። የዮርክ ጠበቆች ሌላ ሥራ እየሠራ ሕግ ያጠናን ሰው አንቀበልም የሚል ደንብ ነበራቸው፣ ስለዚህ ሜሪላንድ ተሻግሮ ተፈትኖ ፈቃዱን አወጣ። ከዚያ ጌቲስበርግ ላይ ቢሮ ከፈተ። ብዙ ሳይቆይ በአካባቢው ስመ ጥር ጠበቃ ሆነ፣ መሬት ገዛ፣ የብረት ማቅለጫ ውስጥም ገባ። ብረቱ ግን ዕዳ በዕዳ አደረገው።

ወደ ፖለቲካ የገባው የፍሪሜሰን ማኅበርን በሚቃወም ፓርቲ በኩል ነው። ስለ እሱ ዛሬ ጊዜ አላጠፋም። በ1833 ለፔንሲልቬንያ ግዛት ምክር ቤት ተመረጠ፣ እዚያ የሠራው ሥራ ግን ሊነገር ይገባል።

በዚያ ዘመን ፔንሲልቬንያ ውስጥ የድሃ ልጅ በነፃ የሚማረው ወላጆቹ ድሆች ነን ብለው ከተመዘገቡ ብቻ ነበር። አስቡት። ልጅህን ለማስተማር መጀመሪያ በአደባባይ ምስኪን ነኝ ማለት አለብህ። ብዙ ወላጅ ያንን ውርደት ከሚቀበል ልጁ ሳይማር ቢቀር መረጠ። በ1834 ለሁሉም ልጅ በግብር የሚደገፍ ነፃ ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። ወዲያው ሕዝቡ ግብሩን ሲያይ ተንጫጫ። ሕጉ ይሻር የሚል የአቤቱታ መዓት ጎረፈ፣ ብዙ ሺህ ሰው ፈረመ። የግዛቱ ሴኔትም ይሻር ብሎ ወሰነ። ስቲቨንስን የመረጡት የጌቲስበርግ ሰዎች ራሳቸው ሕጉን የሚቃወሙ ነበሩ።

በኤፕሪል 1835 ተነስቶ ተናገረ። ለድሃ ልጆች ብቻ ተብሎ የሚወጣ ሕግ ድሆችን እንደ ከብት በጋለ ብረት የመተኮሻ ሕግ ተብሎ ይጠራ አለ። ልጅ የለኝም፣ ለምን ለሰው ልጅ ትምህርት እከፍላለሁ ለሚለው ደግሞ መልሱ ይህ ነበር፦ አንተ እኮ ወንጀለኛ ለማሰርና ለመቅጣት የሚያስፈልገውን ግብር ደስ ብሎህ ትከፍላለህ፣ ያ ሰው መጀመሪያውኑ ወንጀለኛ እንዳይሆን ለሚያደርገው ሲሆን ነው የምትጮኸው? ምክር ቤቱ ሐሳቡን ቀየረ፣ ሴኔቱም ተከተለ፣ ሕጉ ዳነ። ስቲቨንስ ራሱ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ በዚህ ይኮራ ነበር። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ሣራ ትታየኛለች።

በ1837 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሲከለስ በጉባኤው ተቀመጠ። አዲሱ ጽሑፍ ድምፅ የመስጠት መብትን ለነጭ ወንዶች ብቻ አደረገው። ስቲቨንስ አልፈርምም አለ። አልፈረመም።

በ1842 ዕዳው ሲያይልበት ወደ ላንካስተር ሄደ። ከተማዋ ሰፋ ያለች ናት፣ ለጠበቃም ገቢ አላት፣ ቀስ በቀስ ዕዳውን ከፈለ። እዚያ ነው ወይዘሮ ሊዲያ ሃሚልተን ስሚዝ ወደ ቤቱ የመጣችው። ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት፣ ነጭና ጥቁር ደም ያላት ሴት ነበረች። ቤቱን አስተዳደረች፣ ሂሳቡን ያዘች፣ እሱ እስኪሞት ሃያ ዓመት ያህል አብራው ቆየች። በራሷም ቤት እየገዛች የምትነግድ ብርቱ ሴት ነበረች። ሰው በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር ብዙ አወራ፣ ጋዜጣ ሳይቀር ተሳደበ። እሱ ግን በሰው ፊት ወይዘሮ ስሚዝ እያለ በክብር ይጠራታል፣ ሌላው ሰውም እንዲያ እንዲጠራት ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴት በነጭ አፍ እንዲህ መጠራቷ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የቤቱ ግቢ ሲቆፈር የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተገኘ፣ ሰው እንዲገባበት ተደርጎ የተስተካከለ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መደበቂያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በ1849 ዋሽንግተን ገባ፣ ኮንግረስ። በዚሁ ጊዜ ጥብቅናውን አልተወም። በሴፕቴምበር 1851 ኤድዋርድ ጎርሰች የሚባል የሜሪላንድ ባሪያ አሳዳሪ ያመለጡበትን ሰዎች ለመያዝ የመንግሥት ሹም አስከትሎ ላንካስተር አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ክሪስቲያና መጣ። ጥቁሮቹ አንሄድም ብለው ተከላከሉ፣ ጎርሰች እዚያው ተገደለ። መንግሥት ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው በሀገር ክህደት ከሰሰ። የሀገር ክህደት! መጀመሪያ የቀረበው ካስትነር ሃንዌይ የሚባል ነጭ ነው፣ ባሪያ ፈላጊዎቹን አግዝ ሲባል እምቢ በማለቱ። ከጠበቆቹ አንዱ ስቲቨንስ ነበር። ጭብጡ ግልጽ ነው፦ ሰውን ለመያዝ አልረዳም ማለት በመንግሥት ላይ ጦር ማንሳት አይደለም። የጁሪው አባላት ተማክረው ለመመለስ የፈጀባቸው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ነፃ ብለው አሰናበቱት። የሌሎቹም የክህደት ክስ በዚያው ቀረ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ስቲቨንስ የበጀትና የግብር ጉዳዮችን የሚመራው የኮንግረስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ለጦርነቱ የሚሆነው ገንዘብ፣ አዲሱ የወረቀት ገንዘብ፣ ግብሩ ሁሉ በእጁ አለፈ። የደቡብ ጦር በ1863 ፔንሲልቬንያ ሲገባ ጄኔራል ጁባል ኧርሊ የስቲቨንስን የብረት ማቅለጫ ሆን ብሎ አቃጠለው። እሱን ያሳሰበው የሠራተኞቹ ነገር ነበር። ሊንከን ባርነትን ለማስቀረት ዘገየ እያለ ይወተውታል፣ ይቆጣል። በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 ባርነትን የሚያስቀረው 13ኛው ማሻሻያ 119 ለ56 በሆነ ድምፅ ሲያልፍ ከገፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር።

አሁን ወደምወደው ቀን መጣሁ። ዲሴምበር 4 ቀን 1865። ሊንከን ተገድሏል፣ ጦርነቱ አልቋል፣ ፕሬዚዳንቱ አንድሩ ጆንሰን ነው። ጆንሰን የደቡብ ግዛቶች በችኮላ እንዲመለሱ ፈቅዷል፣ እነሱም ትናንት ሲዋጉን የነበሩ ጄኔራሎችንና ሹማምንትን ጭምር መርጠው ልከዋል። በየግዛቱም ጥቁሩን መልሶ ከነጭ እርሻ ጋር የሚያስር ሕግ ማውጣት ጀምረዋል። እነዚህ ሰዎች ወንበር ከያዙ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ስቲቨንስ ምን አደረገ? ስም ጥሪውን ያዘ። ኮንግረስ አዲስ ሲከፈት አባላቱን በስም የሚጠራው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ኤድዋርድ ማክፈርሰን የጌቲስበርግ ልጅ፣ የስቲቨንስ የቅርብ ሰው ነው። ማክፈርሰን ስም መጥራት ጀመረና የደቡቦቹን ግዛቶች ስም ዝም ብሎ አለፋቸው። የቴነሲው ሆራስ ሜይናርድ በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ጎን የቆመ ሰው ነበር፣ ተነስቶ ለመናገር ሞከረ። ጸሐፊው ስም ጥሪ አይቋረጥም አለው። ጥሪው ሲያልቅም ስሙ ከዝርዝሩ ስለሌለ የመናገር መብት የለውም ተባለ። ከኒው ዮርክ የመጣው ጄምስ ብሩክስ ጮኸ፦ ቴነሲ የሀገሪቱ አካል ካልሆነች ፕሬዚዳንቱ ራሱ የቴነሲ ሰው አይደለም ወይ? ይህን ጉዳይ መቼ ነው የምታነሱት ብሎም ስቲቨንስን ጠየቀ። ስቲቨንስ በተገቢው ጊዜ አነሳዋለሁ ብሎ ተቀመጠ።

ጥይት አልተተኮሰም፣ አዋጅ አልታወጀም። በአንድ የስም ዝርዝር ምክንያት የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ያን ክረምት ኮንግረስ አልገቡም፣ ባይገቡ ነው 14ኛው ማሻሻያ ሊጻፍ የቻለው። ቻሪቲን በስድስት ወር አቆጣጠር የረታት አእምሮ ይኸው ነው፣ አሁን ለማን እንደሚሠራ ተመልከቱ።

14ኛው ማሻሻያ ስቲቨንስ የፈለገውን ያህል አልሆነም። ለጥቁሮች የመምረጥ መብትን በቀጥታ አልሰጠም። ስለ ልደት ዜግነት የሚለው ዓረፍተ ነገርም ሴኔት ውስጥ የተጨመረ ነው። በጁን 13 ቀን 1866 የመጨረሻው ድምፅ ሊሰጥ ሲል ያሰብኩት ሌላ ነበር፣ ሕልሜ ነበር፣ አልሆነም ብሎ በግልጽ አዘነ። ታዲያ ይህን ጎደሎ ነገር ለምን ትቀበላለህ ካላችሁኝ አለ፣ የምኖረው በሰዎች መካከል እንጂ በመላእክት መካከል ስላልሆነ ነው። 120 ለ32 አለፈ። በዓመቱ በማርች 1867 ደግሞ ኮንግረሱ የጆንሰንን ውድቅታ ሽሮ ደቡብን በአምስት ወታደራዊ ክልል የሚያስተዳድር፣ ጥቁሮችም ድምፅ የሚሰጡበትን ሕግ አወጣ።

ግን አንድ ነገር ላይ ተሸነፈ፣ ሽንፈቱም እስከዛሬ ያማል። መሬት። በሴፕቴምበር 1865 ላንካስተር ላይ ባደረገው ንግግር ዕቅዱን በቁጥር ዘረዘረው። የደቡብን ትልልቅ ባለርስቶች፣ 70,000 ያህል ሰዎችን፣ ከ200 ኤከር በላይ ያለ መሬታቸውን እንውረስ። ለእያንዳንዱ ነፃ ለወጣ አዋቂ ወንድ 40 ኤከር፣ ማለትም ወደ 16 ሄክታር እንስጠው። የቀረው ይሸጥና ለጦርነቱ ዕዳና ለወታደሮች ጡረታ ይዋል። አብዛኛው ነጭ ደቡባዊ በዚህ አይነካም፣ የሚነካው ጥቂቱ ትልቅ ባለርስት ነው።

የመሬት ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሚያርሰው መሬት የሌለው ሰው ነፃ ነህ ቢባልም ነገ ጠዋት ሄዶ የሚያንኳኳው የትናንት ጌታውን በር ነው። ስቲቨንስ ይህን ገና በጊዜው አይቶታል። በ1866 አቀረበው፣ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ተቃውመው ጣሉት። በ1867 ከጎጆ መቀለሻ ገንዘብ ጋር አድርጎ እንደገና አመጣው፣ እንደገና ቀረ። ሪፐብሊካኖቹ ሰውን ከባርነት ለማውጣት ደፈሩ፣ የሰው ንብረት መንካት ሲመጣ ግን እጃቸው ተንቀጠቀጠ። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥቁር ገበሬ ከዚያ በኋላ ለትውልዶች የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ሲያካፍል፣ ዕዳው ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን አሜሪካ የሠራችው ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ስቲቨንስን ቂመኛ፣ ደቡብን ለመበቀል የተነሳ ሰው አድርገው ጽፈውታል። ምላሱ እንደ ምላጭ ነበር፣ ይህን አልክድም። ቁማርም ይወድ ነበር። ግን የሞት ቅጣትን የሚቃወም፣ ቤቱን ያንኳኳ ችግረኛ ነጭ ይሁን ጥቁር ባዶ እጁን የማይመልስ ሰው ነበር። በቀል ቢፈልግ ኖሮ ስቅላት ይጠይቅ ነበር። የጠየቀው መሬት ነው።

በ1868 መጀመሪያ ጆንሰን ከሥልጣን እንዲወርድ ሲከሰስ ስቲቨንስ በጠና ታሞ ነበር። መራመድ ስላቃተው በወንበር ተሸክመው ወደ ካፒቶል ያስገቡት ነበር። በሜይ 16 ሴኔቱ ይውረድ በሚለው 35 ለ19 ድምፅ ሰጠ፣ የሚያስፈልገው ግን ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፈ። 14ኛው ማሻሻያ በጁላይ ጸደቀ። ስቲቨንስ ያንን አይቶ ኦገስት 11 ሌሊት ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። በእኛ በኩል መቅደላ ከወደቀች አራት ወር መሆኑ ነው። አልጋው አጠገብ ወይዘሮ ስሚዝ ነበረች። አስከሬኑ በካፒቶል አዳራሽ ሲቀመጥ ጥቁር ወታደሮች ዘብ ቆሙለት።

የላንካስተር ትልልቆቹ መቃብሮች ጥቁር አይቀብሩም ነበር። እሱ ዘር የማይለይ ትንሽ መካነ መቃብር መርጦ፣ ምክንያቱን ራሱ ጽፎ ድንጋዩ ላይ አስቀረጸ። እዚህ ጸጥ ባለ ስፍራ ያረፍኩት ብቸኝነትን ወድጄ አይደለም ይላል፣ ሌሎቹ መቃብሮች በደንባቸው ዘር ስለሚለዩ ነው፤ በረጅም ዕድሜዬ የተሟገትኩለትን የሰው ልጅ በፈጣሪው ፊት እኩል መሆኑን በሞቴም ላሳይ ብዬ ነው። በቀብሩ ላይ 20,000 ያህል ሰው ተገኘ ይባላል፣ ብዙው ጥቁር ነበር። የላንካስተር ሪፐብሊካኖችም ለኮንግረስ ዕጩ ሲመርጡ፣ ሞቷል ሳይሉ የእሱኑ ስም ሰጡ።

ኑዛዜውን ላንብብላችሁና ላብቃ። ለወይዘሮ ስሚዝ በዓመት 500 ዶላር ዕድሜ ልክ፣ ወይም ከፈለገች 5,000 ዶላር በአንድ ጊዜ። ለእናቱ መቃብር መጠበቂያ 500 ዶላር፣ በየጸደዩ በመቃብሯ አራት ማዕዘን ጽጌረዳና ደስ የሚል አበባ እንዲተከል። ከቀረው ደግሞ ላንካስተር ላይ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ቤት እንዲሠራ። በወላጆቻቸው ዘርም ሆነ ሃይማኖት ምክንያት የሚከለከል ልጅ አይኑር፣ ቀለም ሳይለይ በአንድ ክፍል ይማሩ፣ ከአንድ ማዕድ ይብሉ ይላል። ገንዘቡ ብዙ ክርክር ካለፈ በኋላ በ1905 ትምህርት ቤቱ ተቋቋመ። ዛሬም በስሙ የሚጠራ የሙያ ኮሌጅ ነው፣ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ አናጢነት ይማሩበታል፣ የተቸገረ ቤተሰብ ልጆችም በኮሌጁ ድጋፍ ይገቡበታል።